ዶክትሬቱን የት ልማር? መጀመሪያ የአምበርን አፈር ጠይቅ!

ጎበዝ! ዛሬ ስለ ስኮላርሺፕ እናውራ። ዲግሪና ማስተርስ የያዙ ልጆቻችን ሲገናኙ ወሬያቸው ሁሉ አንድ ሆኗል፤ «ለፒኤችዲ የቱ አገር ይሻላል?» አሜሪካ፣ ጀርመን፣ ስዊድን፣ ቻይና፣ ኮሪያ። ገበሬ እንኳ በሬ ሲገዛ ጥርሱን አይቶ፣ ትከሻውን ዳብሶ፣ አስኪዶ ነው። እኛ አራት አምስት ዓመት ዕድሜያችንን የምንሰጠውን አገር የምንመርጠው ግን ባንዲራውን አይተን ነው። ይሄ ነገር መቆም አለበት!

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይጮኻል። አንዱ «ብቻ ውጣ! የትም ይሁን፣ ምንም ተማር፣ ከዚህ አገር ውጣ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሕዝብህ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ትተኸው ልትሄድ? ከሃዲ!» ይላል። ሁለቱም ጎድተውናል። የመጀመሪያው ልጁን ባዶ እጁን ይሸኘዋል፤ ሁለተኛው ቁም ነገር የያዘውን ልጅ አንገቱን ያስደፋዋል። አንዳቸውም «ለመሆኑ ምን ልታጠና ነው?» ብለው አይጠይቁም።

እኔ የምለው ይሄን ነው፤ አገር የሚመረጠው በያዝከው ጥያቄ ነው። ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት አምበር እንሂድ።

አምበር የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ዳር። ጤፍና ስንዴ አገሩ ነው። የዚህ ደጋ አፈር ግን ታሟል። ብዙ ዘመን የወረደበት ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ወስዶታል፤ አሲዳማ ሆኗል። አፈር አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየሙ ሥሩን ይመርዛል፣ አሉሚኒየምና ብረቱ ደግሞ ፎስፈረሱን ይዘው አይለቁም። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ሰልፍ የወጣበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። አስበው እንግዲህ፦ በዚያ ሁሉ ወረፋ፣ በዚያ ሁሉ ብር የተገዛው ማዳበሪያ መሬት ከገባ በኋላ ግማሽ ሥራውን ሳይሠራ ታስሮ ይቀራል!

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ኖራ። የኖራ ድንጋዩ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ አባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ ደጀን፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ የሚፈጨው እሱን አይደል? ታዲያ ለጤፍ በሄክታር ስንት ኩንታል? በየስንት ዓመቱ? ከአስፋልቱ ርቆ ቾቄ ጥግ ያለው ገበሬ በምን ያጓጉዘው? አሲዱን የሚችለው የጤፍ ዘር የትኛው ነው? ይሄ አንድ ዶክትሬት አይደለም፤ አምስት ነው።

አሁን ይሄን ጥያቄ ይዘህ ካርታውን ተመልከት። ብራዚል ውስጥ ሴራዶ የሚባል ሰፊ አገር አለ። አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ «ለእርሻ አይሆንም» ሲባል የኖረ ነው። ብራዚላውያን እ.ኤ.አ. በ1973 ኤምብራፓ የሚባል የምርምር ድርጅት አቋቋሙ፤ ኖራና ፎስፈረስ ጨምረው፣ ዘሩን ለአፈሩ አስማምተው ሴራዶን ጎተራ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጠው ለዚህ ሥራ ነው፤ ለሁለት ብራዚላውያንና ለአንድ አሜሪካዊ።

እስቲ በሞቴ፣ ከኛ ልጆች መካከል ብራዚልን በዝርዝሩ ያስገባ ማን አለ? ፖርቱጋልኛ መማር ይጠይቃል፣ ስኮላርሺፑም እንደ ጀርመኑ በየቀኑ ፊትህ ላይ አይመጣም፤ እሱስ ልክ ነው። ግን አማካሪህ ሌላ አገር ሆኖ ስድስት ወር እዚያ መሥራትም ይቻላል። ይሄን የሚያስበው ግን ጥያቄውን የያዘ ሰው ብቻ ነው። «ብቻ ልውጣ» ያለው ልጅ ሴራዶን ስሙንም አይሰማው።

ጥያቄህ የጤፍ ዘር ከሆነ ደግሞ ስዊዘርላንድ አለች። በርን ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ዘሪሁን ታደለ የመራው የጤፍ ምርምር ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ሲሠራ ቆይቷል፤ የጤፍ ሙሉ ዘረ-መል እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ የወጣውም ከዚያ ነው። እዚህ ላይ ግን ዓይን ይከፈት! ጤፍ ላይ የደረሰውን አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የደች ኩባንያ ከመንግሥታችን ጋር የጤፍ ስምምነት ፈረመ፤ በ2007 በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት አወጣ። የእናቶቻችን ዱቄት! ፓተንቱ ሄግ ላይ በ2018 ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገውም ክርክሩ በሁለት የደች ኩባንያዎች መካከል ሆኖ ነው፤ የኛ ጠበቃ እዚያ አልነበረም። ስለዚህ የዘር ወይ የአፈር ናሙና ይዘህ የምትሄድ ልጅ፣ ውሉን መስመር በመስመር አንብብ። ናሙናው የማን ነው? ውጤቱ የማን ነው? ፕሮፌሰሩን አትፈር፣ ጠይቅ።

ጥያቄህ ግዕዝ ከሆነስ? ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራ። ሆኖም ባለ አምስት ቅጹ ኢንሳይክሎፔዲያ ኤትዮፒካ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 የተዘጋጀው ሐምቡርግ ነው። ይሄ ያስቆጫል፤ አዎ። ግን ተቆጭቶ መቀመጥ ምን ይጠቅማል? ጌታቸው ኃይሌ ከሸንኮራ ተነስቶ ዶክትሬቱን እ.ኤ.አ. በ1962 ጀርመን፣ ቱቢንገን ሠራ። በደርግ ጊዜ በጥይት ተመቶ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ ሚኒሶታ ተቀምጦ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍቶቻችንን መዝገብ አዘጋጀ። «ከሃዲ» የምትለው እንግዲህ ለእሱ ነው?

ከራሳችን ቀዬ ደግሞ ሰገነት ቀለሙን ውሰዱ፤ የፍኖተ ሰላም ልጅ። ዓለማያ ተማረች፣ ማስተርሷን ሞንታና፣ ዶክትሬቷን ካንሳስ ስቴት። ጥያቄዋ የሰብል በሽታ ነበር፤ ካንሳስ የስንዴ አገር ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ከኒውዮርክ ይልቅ ካንሳስ ትበልጣለች! ኮሎምቢያ ለብዙ ዓመት ሠርታ ወደ አፍሪካ ተመለሰች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ናይሮቢ ያለውን የነፍሳት ምርምር ተቋም ኢሲፔን መምራት ጀመረች። «ሴት ልጅ ይሄን ያህል ከተማረች ይበቃታል» ለሚሉ ዘመዶችሽ ይሄን ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ፉል ፈንድድ» የምትለው ቃል ሁሉም ቦታ አንድ አይደለችም።

ስዊድንና ኖርዌይ የዶክትሬት ተማሪ ሠራተኛ ነው፤ ደሞዝ አለው፣ የሕመም ፈቃድ አለው፣ የወሊድ ፈቃድ አለው። ቦታው እንደ ሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፣ እንደ ሥራ ትወዳደራለህ። ጀርመን ሁለት መንገድ አለ፦ ወይ ትቀጠራለህ (ብዙ ጊዜ ውሉ የሙሉ ሠራተኛ ሳይሆን የግማሽ ወይ የ65 በመቶ ነው፤ ፐርሰንቱን ሳታይ አትፈርም!)፣ ወይ በዳድ ስኮላርሺፕ ትሄዳለህ። ዳድ ደግሞ የመጨረሻ ዲግሪህን ከያዝክ ስድስት ዓመት ካለፈህ አይቀበልህም። «ትንሽ ሠርቼ ልሂድ» እያልክ ሰባተኛ ዓመትህን የያዝክ ወንድሜ፣ ይሄ ላንተ ነው። አውሮፓ በአብዛኛው ማስተርስ ይጠይቃል። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት የሚቀበሉት በዋናነት አሜሪካኖቹ ናቸው፤ ግን አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል፣ ገንዘቡም ብዙ ቦታ በማስተማር ወይ በምርምር ረዳትነት ሠርተህ የምታገኘው ነው።

ቻይናን የሚንቅ ሰው አለ፤ «የቻይና ዶክተር» እያለ የሚያሾፍ። ሙሉ የመንግሥት ስኮላርሺፑ ለዶክትሬት ተማሪ በወር 3,500 ዩዋን ከመኖሪያ ጋር ይሰጣል። ጥያቄህ ባቡር፣ ባትሪ ወይም ግድብ ከሆነ ከቻይና የተሻለ የት ልትሄድ ነው? ሕንድ የተማሩ መምህራን ባይኖሩ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ማን ያስተምርባቸው ነበር? ንቀቱን ተዉት።

ገንዘብ ብቻም አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ለኢትዮጵያውያን የተማሪውን ጨምሮ ቪዛውን ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆን አወረደችው። ይሄ ምን ማለት ነው? ከገባህ በኋላ ትማራለህ፤ ግን ቤት ለቅሶ ገብቶ አምበር መጥተህ ብትቀብር፣ ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ ደጅ ትጠናለህ። ጥያቄህ በየክረምቱ እዚህ መሬት ላይ መረጃ መሰብሰብ የሚጠይቅ ከሆነ ይሄ ቪዛ ጥናትህን ይገድለዋል። ባለትዳር ከሆንክ ደግሞ አሜሪካ ያለ ተማሪ ሚስት ወይ ባል በአብዛኛው መሥራት አይፈቀድላቸውም፤ ስዊድን ይፈቀዳል። ትዳር የፈረሰው በዚህ ምክንያት ስንት ቤት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሙሉ በሙሉ ሳይወጡ መማርም አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከቤልጂየሞቹ ቭሊር ጋር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሠራው ትብብር ልጆች ግማሹን እዚህ ግማሹን እዚያ እየሠሩ ተምረዋል። «ሳንድዊች» ይሉታል። ለአፈር፣ ለውኃ፣ ለጤና ጥናት ብዙ ጊዜ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፤ ፌስቡክ ላይ ፎቶው ስለማያምር ግን ማንም አያወራለትም።

ደላሎቹን ሳልነካ አላልፍም። «ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን» ብለው ብር የሚቀበሉ አሉ። ልጆች፣ የእውነት ፈንድ ያለው ዶክትሬት ደላላ አይፈልግም! ፕሮፌሰሩ ኢሜይሉ ዌብሳይቱ ላይ አለ። አሜሪካ የማመልከቻ ክፍያ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ከጠየቅከው ይተውልሃል፤ ጂአርኢ የተባለውን ፈተናም ብዙዎቹ ትተውታል። ፈንድ ያለው መልስ ቀድሞ ሲመጣም አትደንግጥ፤ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ኤፕሪል 15 እንድታስብ በጋራ ስምምነት ፈርመዋል። «ዛሬ ካልፈረምክ» የሚልህ ካለ ይሄን ቀን ጥቀስለት።

ከዩኒቨርሲቲ ተልከህ የምትሄድ መምህር ደግሞ ዋስ አለህ። አጎትህ ወይ ጓደኛህ ነው የፈረመልህ። የማትመለስ ከሆነ ከመሄድህ በፊት ንገረው፣ ዕዳውንም ክፈል። ዋሱን ዕዳ ላይ ጥሎ ቶሮንቶ ሆኖ ስለ ወገን ፍቅር የሚጽፍ ሰው አታሳዩኝ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ሲቆይ የማመልከቻው ቀን በጨለማ ያለፈባቸው ልጆች አሉ። ውጭ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእነዚህ ልጆች ዕዳ አለባችሁ። ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚፈለገው፤ የአንድ ልጅ የምርምር ሐሳብ አንብባችሁ አርሙለት፣ የምታውቁት ፕሮፌሰር ካለ ስሙን ስጡት።

የአሜሪካኖቹ ማመልከቻ በብዛት የሚዘጋው ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6 ባለው ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ወረቀት አውጣ። የአገር ስም አትጻፍበት። ጥያቄህን በአማርኛ ጻፈውና ለአባትህ ወይ ለእናትህ አንብብላቸው። «ይሄማ የኛው ችግር ነው» ካሉህ፣ ያኔ እንግሊዝኛውን ጀምር።