የካሉብ ጋዝ የማን ነው? ውሉ ለሕዝብ ይገለጥ!

የተከበራችሁ የዓለም ጤና፣ የመቂ፣ የሞጆና የአዳማ መራጮች!

ከጂቡቲ ነዳጅ የጫነው ቦቴ አዋሽን አልፎ በአዳማ በኩል ሌት ተቀን ይመጣል። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው ደግሞ እናንተኑ አቋርጦ ወደ ሐዋሳ ይወርዳል። የዓለም ጤና የባጃጅ ሾፌር ግን ማደያ ላይ «የለም» ሲባል፣ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቸረቸረውን ቤንዚን ከተመኑ በላይ ከፍሎ ይቀዳል። ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን በፓምፕ የሚያጠጣው ገበሬም ያው ነው፤ የናፍጣው ዋጋ በመጨረሻ የሚያርፈው በእናንተ ድስት ላይ ነው። ስለዚህ «የነዳጅ ጉዳይ የባለሙያ እንጂ የመራጭ አይደለም» የሚሉንን አንቀበላቸውም።

በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት ድጎማውን ማንሳት ሲጀምር አንድ ሊትር ቤንዚን በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ተለቀቀ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ያው ሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። ሕዝብ ምሬቱን ሲያሰማ የሚሰጠው ማጽናኛ ምንጊዜም አንድ ነው፤ «የራሳችን ጋዝ አለን፣ ታገሡ!» ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ጋዙስ በእርግጥ አለ። በሶማሌ ክልል፣ በኦጋዴን፣ ካሉብ በሚባለው ሥፍራ የአሜሪካው ቴኔኮ በ1960ዎቹ አገኘው። በደርግ ዘመን የሶቪየት ባለሙያዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ ኖሩ። በ1980ዎቹ የካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር ተብሎ ተቋቋመና ከስም አላለፈም። ከዚያ የማሌዥያው ፔትሮናስ መጣ፤ ሄደ። የሆንግ ኮንጉ ፔትሮትራንስ መጣ፤ ዓመት ያህል ቆይቶ ውሉ ተሰረዘ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ደግሞ ፖሊ-ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ፈረመ። ያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የነዳጅ ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 295 በ1978 ዓ.ም. የወጣ ነው። ደርግን የጣለው መንግሥት የደርግን የነዳጅ አዋጅ ይዞ ይፈራረም ነበር ማለት ነው!

ቀጥሎ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በቀን 450 በርሜል ድፍድፍ ዘይት በሙከራ ማውጣት ተጀመረ ተብሎ በቴሌቪዥን ደስታ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ጋዙን በቧንቧ ጂቡቲ ባሕር ዳርቻ ለማድረስ ስምምነት ተፈረመ፤ ቧንቧው ግን አልተዘረጋም። በ2015 ዓ.ም. የማዕድን ሚኒስቴር ኩባንያው ግዴታውን አልተወጣም ብሎ ውሉን ማቋረጡን አስታወቀ። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ የካሉብ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ያወጣል ተብሎ ሲመረቅ፣ ጂሲኤል የሚለው ስም ተመልሶ ከመድረኩ ላይ ቆሞ አገኘነው።

ምርቱ መጀመሩን አንቃወምም። መልካም ነው። ነገር ግን በምን ውል ተባረረ? በምን ውል ተመለሰ? ኩባንያው ወጪዬ ብሎ የሚቀንሰው ስንት ነው? የመንግሥት ድርሻ ስንት እጅ ነው? የውሉን ሙሉ ቃል ታትሞ እኛ አላየንም፤ እናንተስ አይታችኋል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ባለቤቱ የማያነበው ውል የማን ውል ነው? ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የገባችበት የማዕድንና የነዳጅ ግልጽነት ዓለም አቀፍ ማኅበርም፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 መግቢያ ወዲህ የተፈረሙና የተሻሻሉ ውሎች ለሕዝብ ይገለጡ ብሎ ደንግጓል።

«ውል ማሳየት ባለሀብት ያሸሻል» የሚል መልስ እንደሚሰጡን እናውቃለን። ጋናን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2007 ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ውኃ ሥር ነዳጅ አገኘች። እንዲህ ያለ ሥራ በየብስ እንደ ካሉብ ከመቆፈር እጅግ የከበደ፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚበላ ነው። ሆኖም በ2010 መጨረሻ ማምረት ጀመረች፤ በ2011 የነዳጅ ገቢ አስተዳደር ሕግ አወጣች፤ ገንዘቡን የሚከታተል የዜጎች ኮሚቴም በሕጉ አቋቋመች። ባለሀብት አልሸሸም። የሞዛምቢክ መንግሥት ግን ከጥልቅ ባሕር በሚወጣው ጋዝ ተስፋ 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከምክር ቤቱ ደብቆ ተበደረ። በ2016 ሲጋለጥ ለጋሾች እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ገንዘቧ ወደቀ፤ ዕዳውን ሕዝቡ ተሸከመ።

ስለ አክሲዮንም በግልጽ እንናገር፤ ቁጠባችሁን የሚመለከት ነገር ነውና። በጋና የተሳካለት ቱሎ የተባለው ኩባንያ በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ ጉድጓዶች ቆፍሮ ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ሳያገኝ ወጣ። ኪሳራውን የቻሉት የውጭ ባለአክሲዮኖች ናቸው። እንዲህም መሆን አለበት! የአዳማ ነጋዴና የመቂ መምህር ገንዘባቸውን ገና ላልተገኘ ነዳጅ ፍለጋ እንዲያውሉ የሚጋብዝ ሁሉ በፓርቲያችን ዘንድ ተቃውሞ ይገጥመዋል። ማምረት የጀመረ ጉድጓድ ግን ሌላ ነው። ከእርሱ የመንግሥት ድርሻ ላይ የተወሰነው፣ ሒሳቡ በገለልተኛ ኦዲተር ተመርምሮና ውሉ ተያይዞ፣ ለዜጎች በአክሲዮን ይቅረብ እንላለን። በ2017 ዓ.ም. መንግሥት 100 ሚሊዮን የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር፣ ለሽያጭ አቅርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። ገዥው ፓርቲ ሕዝቡ ገንዘብ የለውም ይበል። እኛ የጎደለው እምነት ነው እንላለን።

የጋዙ አገር ነዋሪ የሶማሌ ክልል ወገናችን ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማ መሆን አለበት። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. በአቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ በተጣለው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። ለግድያው ምክንያት የሚሆን ምንም ነገር የለም። ጋዙን ግን የአካባቢውን ሕዝብ ባይተዋር አድርጎ በጠመንጃ ብቻ እየጠበቁ ማውጣት እንደማይዘልቅ ያን ቀን መታየት ነበረበት።

ብትመርጡን፣ ምክር ቤት በገባን በመጀመሪያው ዓመት፣ በሥራ ላይ ያሉ የነዳጅና የጋዝ ውሎች በሙሉ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ታትመው እንዲወጡ የሚያስገድድ ረቂቅ አዋጅ እናቀርባለን። የጋዙ ገቢም በምክር ቤት ካልጸደቀ አንድ ሳንቲም በማይወጣበት የተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥ እናደርጋለን። እስከዚያው ግን የገዥው ፓርቲ ዕጩ ለቅስቀሳ ወደ ዓለም ጤና ሲመጣ፣ ከአዳራሹ ሳይወጣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልን፤ «የካሉብን ውል አንብበኸዋል ወይ?»