የጦስኝ መዓዛ ምን ይሠራል?

ከድብ ባሕር ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ አቀበት የወጣ መንገደኛ ደባርቅ ሲደርስ የጦስኝ አገር ይቀበለዋል። በስሜን ደጋ የሚበቅለውን ይህን ቅጠል እናቶቻችን በሻይ ያፈሉታል፤ ለወጥ ማጣፈጫ ይጨምሩታል፤ ጉንፋንና ሳል ሲነሣም ያጠጡታል። ለመሆኑ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ጦስኝ በጣት ሲታሽ አፍንጫን የሚያውደው በቀላሉ የሚተን ዘይት ነው። ዘይቱ የሚወጣው እንደ አረቄ ነው፤ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆንና ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ከ100 ኪሎ የደረቀ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ከጥቂት ኪሎ አይበልጥም። ዋና ዋና ንጥረ ነገሮቹ ታይሞልና ካርቫክሮል ይባላሉ። ሁለቱም ከ10 የካርቦን፣ ከ14 የሃይድሮጅንና ከ1 የኦክስጅን አቶም የተሠሩ ሲሆኑ፣ የሚለያዩት በአቶሞቹ አቀማመጥ ብቻ ነው። የባክቴሪያን ስስ ሽፋን ስለሚጎዱ በውስጡ ያለው ይፈስሳል።

በቤተ ሙከራ፣ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ዘይቱ የነካው ትንሽ ወረቀት ሲቀመጥ በዙሪያው ጀርም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ቁስል የሚያመረቅዘው ስታፊሎኮከስ በዚህ መንገድ ሲገታ፣ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ያለው ሱዶሞናስ ግን ብዙውን ጊዜ ይቋቋመዋል።

ይሁን እንጂ እናቶች ልብ እንበል! በሳህን ላይ የታየው ሁሉ በሕፃን ሳንባ ውስጥ ይደገማል ማለት አይደለም። በአንድ ስኒ ሻይ ውስጥ ያለው ዘይት እጅግ ጥቂት ነው፤ ጀበናው ወይም ድስቱ ካልተከደነ ደግሞ እሱም ተንኖ ይጠፋል። ትኩስ የጦስኝ ሻይ ጉሮሮን ያለሰልስ ይሆናል፤ የሳንባ ምችን ግን አያድንም። 6 ወር ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ከእናት ጡት በቀር ምንም አይሰጥም።

በጠርሙስ የሚሸጠው የተጣራ ዘይት ከሻዩ ጋር አንድ አይደለም። በተለይ የባሕር ዛፍ ዘይት፣ ሕፃን ጥቂት እንኳ ቢውጠው ራሱን ሊያስተውና ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ስለዚህ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ልጅን በፈላ ውሃ እንፋሎት ማጠንም ለቃጠሎ ያጋልጣል።

ልጅ ሲያስል ልብሱን ገልጠን ትንፋሹን ለአንድ ደቂቃ እንቁጠር። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ጦስኙ እስኪፈላ ሳንጠብቅ በአቅራቢያችን ወዳለው ጤና ጣቢያ እናድርሰው።