የሚታጠፍ ትሬድሚል ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሳይታጠፍ የሚቆይበት ቦታ ፈልጉለት



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ለቤት የሚታጠፍ ትሬድሚል ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» እኔ የማሽን ነጋዴ አይደለሁም። ግን እንደ ሐኪምም፣ አንዴ ገዝቶ እንደተቆጨ ሰውም ሐሳቤን ላካፍላችሁ።

አዎ፣ እኔም ገዝቻለሁ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። «ይታጠፋል፣ ቦታ አይዝም» ስባል ደስ ብሎኝ ገዛሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ተራመድኩበት፤ ሁለተኛውን ሳምንት ሁለት ቀን ብቻ። ከዚያ ከሶፋው ጀርባ ታጥፎ ቀረ። አንድ ቀን ባለቤቴ እርጥብ ፎጣ ስትሰቅልበት አየሁና ዝም አልኩ። በማግስቱ እኔም ሸሚዜን ሰቀልኩበት።

ማሽኑ አልተበላሸም። ነገር ግን 30 ደቂቃ ለመራመድ መጀመሪያ ጠረጴዛውን መግፋት፣ ከባዱን ማሽን መጎተት፣ መዘርጋት፣ መሰካት፣ ሲያልቅ ደግሞ መልሶ ማጠፍ ነበረብኝ። ከሥራ ደክሞት የገባ ሰው ይህንን ሁሉ በየቀኑ አያደርግም። ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ የሚታጠፍ ትሬድሚል የሚጠቅመው፣ በአብዛኛው ቀን ተዘርግቶ መቆየት ለሚችልበት ቤት ነው። መታጠፉ ለእንግዳ ቀንና ለቤት ጽዳት ይሁን። በየቀኑ መታጠፍ ካለበት ግን ገንዘባችሁን ያዙ።

«ታዲያ ውጭ ወጥቶ መራመድ አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ለሚችል ሰው በጣም ይሻላል፤ ነፃም ነው። ግን ማታ 2 ሰዓት ከሥራ ለምትገባ ሴት፣ በክረምት ዝናብ፣ በተቆፋፈረ መንገድና በውሻ መሀል «ውጡና ተራመዱ» ማለት ምክር አይሆንም። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ማሽኑ ቅንጦት አይደለም። የኔ ጥያቄ በትክክል ትጠቀሙበታላችሁ ወይ የሚል ነው።

ይህን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ማሽኑ ሊቀመጥ የታሰበበት ቦታ ላይ፣ ልትሠሩበት ባሰባችሁት ሰዓት፣ ለሦስት ሳምንት ባላችሁበት እየረገጣችሁ ተራመዱ። ድራማ እያያችሁም ይሁን ዜና እየሰማችሁ፣ 20 ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት አራት ቀን ከቻላችሁ ግዙ። ካልቻላችሁ ማሽኑም አያስችላችሁም።

ለጤና የሚያስፈልገን ምን ያህል ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህም በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ማለት ነው። መካከለኛ ማለት ማውራት እየቻላችሁ መዝፈን ግን ሲያቅታችሁ ነው። ፈጠን ያለ እርምጃ ለአብዛኛው ሰው እዚህ ያደርሳል። ስለዚህ «በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ይሮጣል» የሚለው ማስታወቂያ አያማልላችሁ።

በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ፣ ለእናትና ለአባታችሁ ገንዘብ የምትልኩ ልጆች ይህንን ልብ በሉ። ማሽኑን የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ ጎረምሳው ልጅ ነው፤ ስኳርና ግፊት ያለባቸው ግን እናት ናቸው። ምርጫው በቤቱ ውስጥ እግሩ በደከመው ሰው ልክ ይሁን። ስትገዙ እነዚህን እዩ፦

1. መደገፊያ። በሁለቱም ጎን ጠንካራ መያዣ ይኑረው። ከአልጋ ሥር የሚገባው መደገፊያ የሌለው ስስ ማሽን ለአዛውንት አይሆንም።

2. ዝቅተኛ ፍጥነት። በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቀስ ብሎ የሚነሳ ይሁን።

3. ሞተር። ሻጩ የሚነግራችሁ የፈረስ ጉልበት ለአፍታ ብቻ የሚደርስበት ሊሆን ይችላል። «ያለማቋረጥ የሚሰጠው ስንት ነው?» በሉ። ለእርምጃ 2 አካባቢ ይበቃል፤ ለሩጫ 2.5 እና ከዚያ በላይ ይሻላል።

4. ቤልቱ። ለእርምጃ ወርዱ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለሩጫ 50 በ130 አካባቢ ካልሆነ ይጠብባችኋል።

5. የሚሸከመው ክብደት። ከእናንተ ክብደት ቢያንስ 15 እና 20 ኪሎ ከፍ ያለ ምረጡ።

6. ቦታ። ከማሽኑ ኋላ 2 ሜትር፣ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ክፍት ይሁን። ከኋላ ግድግዳ ካለ፣ የወደቀ ሰው በቤልቱና በግድግዳው መሀል ይጣበቃል። ከታች ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ።

7. መብራት። ከአሜሪካ የሚላክ ማሽን በ110 እና 120 ቮልት የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ 220 ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ቤልቱ ስለሚቆም፣ እጃችሁ ከመደገፊያው አይራቅ።

8. ጥገና። «መለዋወጫ አለ? ማን ይሠራዋል?» ብላችሁ ሳትጠይቁ እንዳትከፍሉ። ቤልቱ ሥር የሚቀባው የሲሊኮን ዘይት መኖሩንም አረጋግጡ።

ልጆች ላሉበት ቤት ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። በ2021 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሕፃን በትሬድሚል አደጋ ከሞተ በኋላ፣ 125,000 ያህል ማሽኖች ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። የሚሽከረከር ቤልት የትንሽ ልጅ እጅ ክፉኛ ይልጣል፤ ይጎትታልም። ስትራመዱ ልብሳችሁ ላይ የምትሰኩትን የደህንነት ቁልፍ ተጠቀሙ፤ ስትጨርሱ ነቅላችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት፤ ሶኬቱንም ንቀሉ።

የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። የስኳር ታማሚ በባዶ እግሩ ወይም በነጠላ ጫማ ፈጽሞ አይራመድ፤ እግሩ ሲቆስል ላይሰማው ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ድንገት ሊወርድበት ስለሚችል ከረሜላ ወይም ጁስ አጠገቡ ያስቀምጥ። ደረታችሁን ከተጫናችሁ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ካዞራችሁ ወይም ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው አቁሙ። የደረት ሕመሙ ዕረፍት አድርጋችሁም ካልተወ «ይለፍልኛል» ሳትሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

የኔ ማሽን መጨረሻው ምን ሆነ አትሉም? ከሳሎናችን አንዱን ባለ አንድ ሰው ሶፋ አስወጣንና ማሽኑን በቦታው ዘረጋነው። ከዚያ ወዲህ የታጠፈው ለበዓል እንግዳ ብቻ ነው። ከእኔ ይልቅ ባለቤቴ ትበረታለች፤ ፎጣውም ወደ በረንዳ ተመልሷል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሳሎናችሁን ለኩ። ከሶፋውና ከጤናችሁ የትኛው ቦታ እንደሚለቅ ወስኑ። ለእናቱ ማሽን ሊገዛ ላሰበ ወዳጃችሁም ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉለት።

ጤና ይብዛላችሁ!