ቁልፉ አይነጠቅ!

ውድ የሠፈራችን ነዋሪዎች፣

ቅዳሜ ማታ በአዳራሻችን ኮምፒዩተር ይዘው የሚሰበሰቡትን ወጣቶች «ሥራ ፈቶች ናቸው፣ መብራት ይጨርሳሉ፣ ቁልፉ ይነጠቅ» የሚል ሐሜት በየበሩ ይናፈሳል። እኔ ጸሐፊያችሁ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ሄጄ አይቻለሁ። ሻይ ያፈላሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ የሚማማሩት ግን ማንም እንዲጠቀምበት፣ ውስጡን ከፍቶ እንዲያየውና እንዲያሻሽለው የተፈቀደ ፕሮግራም ነው። አንዱ ያቃተውን ሌላው ያግዘዋል። ኧረ ይህ ደቦ ካልሆነ ደቦ ምንድን ነው? ከነዚህ ፕሮግራሞች አንዱን፣ ሊኑክስን፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ጉልበታቸውን አዋጥተውበታል። ሐሜተኛው በኪሱ የያዘው አንድሮይድ ስልክ እንኳ የሚሠራው በሊኑክስ ነው!

የመዋጮ መዝገባችንስ? ያለ ፈቃድ በተገለበጠ ፕሮግራም ይዘነው በቫይረስ ሲጠፋ ማን ደረሰልን? እነዚሁ ልጆች ሊብሬኦፊስን ያለ አንዲት ሳንቲም ጫኑልን፤ ከደብተሩም ስም በስም መልሰው ጻፉልን።

የመብራቱን ሂሳብ ልጆቹ በየወሩ ያዋጡ፤ ይህ ተገቢ ነው። ቁልፉ ይነጠቅ የምትሉ ግን እሑድ ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ተናገሩ። ከዚያ በፊት ቅዳሜ ማታ ገባ ብላችሁ እዩ።

የማኅበሩ ጸሐፊ