አራት ክንድ

ፎቶ የሚጀማምሩ ወጣቶች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ስለ ሌንስ ነው። ባለ 28 ይሻላል ባለ 35? ያገለገለ ልግዛ ወይስ ብር ላጠራቅም? «የት ልቁም?» የሚል ግን እምብዛም አይገጥመኝም። መንገድ ላይ ሰው ለሚያነሳ ቀዳሚው ጥያቄ እሱ ነው፤ ሌንሱ ሰፊ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ጉዳዩ የባለ ካሜራዎች ብቻም አይደለም። የአብዛኞቹ ስማርት ስልኮች ዋና ካሜራ እይታው ከ24 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ካለው ሌንስ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ዛሬ ሰፊ ሌንስ ኪሱ ውስጥ የሌለ ከተሜ ጥቂት ነው።

የእኔ መልስ አራት ክንድ ነው፤ በሜትር ሁለት ግድም። ጨርቅ ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ እየተለካ ሲሸጥ ያየ ሰው ወዲያው ይገምተዋል፤ ያላየ ደግሞ ከሚኒባስ ታክሲ ወርድ ትንሽ በለጥ ያድርገው።

ምክንያቱን ከሂሳቡ እንጀምር። ባለ 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ ሲገጠም፣ በአግድም ከሁለት ሜትር ላይ 2.6 ሜትር ያህል ወርድና 1.7 ሜትር ያህል ቁመት ይይዛል። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ከራስ እስከ እግሩ ልክክ ይላል፤ ጎኑና ጎኑ ላይ ደግሞ ለጎረቤቱ፣ ለሱቁ፣ ለአላፊ አግዳሚው ቦታ ይተርፋል። አንሺው ፈራ ተባ ብሎ ወደ አምስት ሜትር ሲሸሽ ወርዱ ከ6 ሜትር ያልፋል፣ ሰውየውም የፍሬሙን ቁመት ግማሽ እንኳ አይሞላም። የቀረውን የሚሞሉት የመብራት ሽቦ፣ የቆመ መኪናና የማስታወቂያ ሰሌዳ ናቸው። ሰፊ ሌንስ የአንሺውን ፍርሃት አይደብቅለትም።

መጠጋትም ልክ አለው። የሰው አፍንጫ ከጆሮው አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀድማል እንበል። ከግማሽ ሜትር ላይ ሲነሳ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር ሩብ ያህል ገዝፎ ይወጣል፤ ከሁለት ሜትር ላይ ግን ልዩነቱ ስድስት በመቶ ብቻ ነው። ፊት ሲበላሽ ሌንሱ ይታማል እንጂ ጥፋቱ የርቀቱ ነው። ሌንሱ የሚጠየቅበት ሌላ ጉዳይ አለ፤ ፍሬሙ ጠርዝ ላይ የዋለ ራስ ወደ ጎን ይለጠጣል። ስለዚህ ሰው ከጠርዙ ገባ ብሎ ቢቀመጥ ይመረጣል።

እስቲ አንድ ሊስትሮ ላይ እንሞክረው። ከመንገዱ ማዶ ሲታይ ጎንበስ ያለ ጀርባ ብቻ ነው። ቀርቦ፣ ቆሞ፣ ከላይ ወደ ታች ያነሳው እንደሆነ ትልቅ ጭንቅላትና ትንንሽ እግሮች ያሉት ፍጡር ይሆናል። አራት ክንድ ርቆ ቁጢጥ ያለ አንሺ ግን ሳጥኑን፣ የቀለሙን ቆርቆሮ፣ ቀለሙ እንዳይነካው የተሸጎጠውን ካልሲ፣ ጋዜጣ የገለጠውን ደንበኛና ከኋላ ያለውን የሱቅ በር በአንድ ላይ ያገኛል። ሊስትሮው ብሩሹን ሳጥኑ ላይ ኳ ሲያደርግ ደንበኛው እግር ይቀይራል። ፎቶው ያለው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው፤ ያኔ ፎከስ ፍለጋ የጀመረ ሰው ግን ረፍዶበታል። አፐርቸሩን ኤፍ 8 ላይ፣ ፎከሱን ሁለት ሜትር ላይ አድርጎ የጠበቀ ከ1.2 እስከ 5 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣለታል። ጥላ ሥር ከሆነ አይኤስኦውን ወደ 800 ከፍ ማድረግ ነው። ርቀትን አስቀድሞ መምረጥ እጅን ነጻ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

አራት ክንድን የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ግን ከሂሳብ ውጭ ነው። በእኛ አገር ሁለት ሜትር ሰላምታ የሚደርስበት ርቀት ነው። እዚያ ቆሞ ዝም ማለት ነውር ይሆናል፤ «እንደምን ዋሉ እማማ» ማለት ግድ ነው። ከማዶ በረጅም ዙም የሚያነሳ ሰው ይህን ዕዳ ያመልጣል፤ የተነሳው ሰው ግን ባየው ጊዜ የሚሰማው መሰለል ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል፤ ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ በአደባባይ ከተከናወኑ ጉዳዮች ጋር ለተያያዘ ፎቶና ለመሳሰሉት በሩን ይከፍታል። ሕጉ ስለ ርቀት የሚለው የለም። ፈቃድ መጠየቅ የሚቻለው ግን ድምፅ ከሚደርስበት ቦታ ነው።

«ሰላም ካልኩት እኮ ቀጥ ብሎ ይቆምልኛል» የሚል ክርክር አለ። እውነት ነው፤ የእኛ ሰው ካሜራ ሲያይ ልብሱን ያስተካክላል፣ እጁን ይሰበስባል። ያን ፎቶ በደስታ ማንሳትና ከቦታ አለመንቀሳቀስ ይበጃል። ደንበኛ ሲመጣ፣ ሚዛን ሲነሳ፣ ጨዋታ ሲደራ ካሜራው ይረሳል። ሰላም ብሎ የቆየ ሰው ሁለተኛውንም ፎቶ ያገኛል፤ ሰርቆ የሄደው አንዱን ይዞ ቀረ።

በ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ የታወቁት የኒው ዮርክ ፎቶ አንሺዎች ምሳሌ ሆነው ይጠቀሳሉ። ጋሪ ዊኖግራንድ ሕዝቡ መሀል ገብቶ ነበር የሚያነሳው፤ ብሩስ ጊልደን ደግሞ ፍላሽ ይዞ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ፊት ላይ ያበራል። የጊልደን ፎቶዎች ኃይለኞች ናቸው። ማንም ማንን በማያውቅበት የማንሃተን ጎዳና አንሺውና ተነሺው ዳግም ላይገናኙ ይችላሉ። ሽሮ ሜዳ ነጠላ የምትሸጠው ሴት ግን ነገም እዚያው ናት፤ ጎረቤቷም አይቶሃል። እዚህ የጊልደንን ርቀት መኮረጅ ጸብ መግዛት ነው።

የእኛው ፎቶ አንሺ ግርማ በርታ ደግሞ ሌላ መንገድ አሳይቷል። በስልክ ያነሳቸውን የአዲስ አበባ መንገደኞች ከአካባቢያቸው ነጥሎ በደማቅ አንድ ቀለም ላይ አቆማቸው፤ በዚያ ሥራውም በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ድጋፍ አገኘ። መንገዱን ሆን ብሎ የቆረጠ ሰው ስለ ባክግራውንድ መጨነቅ የለበትም። እኔ ግን መንገዱን እፈልገዋለሁ። በ2016 ዓ.ም ዶሮ ማነቂያና የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙዎቻችን የድሮ ፎቶዎቻችንን ማገላበጥ ያዝን። በረጅም ሌንስ የተነሳው ፊት ያማረ ነው፤ ከኋላው ያለው ሰፈር ግን የደበዘዘ ቀለም ሆኗል። አራት ክንድ ላይ በሰፊ ሌንስ የተነሳው ፎቶ ውስጥ ሰውየውም አለ፣ የቤቱ እንጨት በረንዳም አለ፣ የሱቁ ጽሑፍም ይነበባል። ከተማ በዚህ ፍጥነት በሚለወጥበት ዘመን ሰውን ከነሰፈሩ የሚይዝ ርቀት መምረጥ ቅንጦት አይደለም።

በስልክ ለሚያነሱ አንድ ነገር ልጨምር። 0.5 የሚለውን ቁልፍ ለጊዜው ይተዉት። ከሁለት ሜትር ላይ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ወርድ ስለሚያግበሰብስ ሰውየው መሀሉ ላይ ይጠፋል። 1 የሚለው ይበቃል።

አራት ክንድ የማይሠራበት ቦታም አለ። ጥምቀት ጃን ሜዳ ሰው በሰው ላይ ሲሆን አራቱ አንድ ይሆናል፤ ያኔ ግፊያው ራሱ ያስተዋውቃል፣ መጠጋቱም ማንንም አያስከፋም። ለቅሶ ላይ ግን የርቀት ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ ካሜራው ቦርሳ ይገባል፣ ባለ ካሜራው ደግሞ እንደማንኛውም ሰው «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይቀመጣል።