የ4,000 ዶላሩ ልጅ



ቤዝቦል ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ጨዋታ መሆኑ አይጠፋንም። የዚህን እትም የሽፋን ታሪክ ግን ከዚያው ሜዳ አመጣነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ብሩክሊን ዶጀርስ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ የተባለ ፖርቶሪኳዊ ወጣት በ10,000 ዶላር ጉርሻ አስፈርሞ ከሥሩ ወዳለው የሞንትሪያል ቡድን ላከው። የዘመኑ ደንብ ደግሞ ከ4,000 ዶላር በላይ የተከፈለበት አዲስ ተጫዋች በዋናው ቡድን ካልተያዘ፣ ወቅቱ ሲያልቅ ሌላ ክለብ ሊወስደው ይችላል ይል ነበር። ሞንትሪያል ልጁን አብዛኛውን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ አዋለው። ከሌሎች ክለቦች ሊደብቁት ነው ወይስ ስላላመኑበት? ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።

የፒትስበርግ ፓይሬትሱ መልማይ ክላይድ ሱከፎርዝ የሄደው ሌላ የሞንትሪያል ሰው፣ ኳስ ወርዋሪውን ጆ ብላክን ሊያይ ነበር። ልምምድ ላይ ግን ዓይኑ የክሌሜንቴ ክንድ ላይ ቀረ፤ ከሜዳው ጥግ ኳስ ሲመልስ እንደ ወንጭፍ ነበር። ፓይሬትስ በሊጉ የመጨረሻውን ደረጃ በመያዙ፣ ተጫዋች ለመውሰድ ቀዳሚው ምርጫ የእሱ ሆነ። (ጭራ መሆን እንዲህ ሲጠቅም ብዙ አላየንም።) ኖቬምበር 22 ቀን የ20 ዓመቱን ልጅ በ4,000 ዶላር ወሰደው።

ክሌሜንቴ ለፒትስበርግ 18 ወቅት ተጫወተ፤ ልክ 3,000 የተሳኩ ምቶች፣ 12 የወርቅ ጓንት ሽልማት፣ ሁለት የዓለም ሲሪስ ዋንጫ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1972 በምድር መናወጥ ለተጎዱ ኒካራጓውያን እርዳታ ይዞ ሲበር አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ወደቀ።

ታሪኩን አንብቡና፣ በሰፈራችሁ ሜዳ ተቀያሪ ወንበር ላይ የቀረ የምታውቁት ልጅ ካለ ጻፉልን።

አዘጋጁ