ስታዲየምን ከፎቅ ጋር አታወዳድሩ

ሰሞኑን የታተመ አንድ ጽሑፍ የሲያትልን ሰማይ ጠቀስ ፎቆችና ስታዲየሞች አንድ ላይ ያወድሳል። ሁለቱም የከተማዋ ግርማ ስለሆኑ የሕዝብ ገንዘብ ለስታዲየም ቢፈስ ያዋጣል ይላል። አያዋጣም!

እ.ኤ.አ. በ1985 የተጠናቀቀው ባለ 76 ፎቁ ኮሎምቢያ ሴንተር የተሠራው በግል ባለሀብት ገንዘብ ነው። የንብረት ግብር ይከፍላል፤ በየሥራ ቀኑም ሠራተኛ ይርመሰመስበታል። ኪንግዶም ስታዲየምስ? በ1976 ተከፈተ፤ በ1994 የጣሪያው ንጣፍ ይረግፍ ጀመር፤ በ2000 በፈንጂ ፈረሰ። ያሠራው ካውንቲ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰው ግን በ2015 ነው። በሌለ ሕንፃ ዕዳ አሥራ አምስት ዓመት! ጸሐፊው ይህን አንዴም አላነሡትም።

የባሰው ደግሞ የ1995ቱ ነው። መራጩ ሕዝብ ለአዲሱ የቤዝቦል ሜዳ የቀረበውን የግብር ጭማሪ በጠባብ ልዩነት ውድቅ አደረገ። የከተማዋ የቤዝቦል ክለብ የማሪነርስ ባለቤቶች ክለቡን እንሸጣለን ብለው አስፈራሩ። የግዛቲቱ ምክር ቤት ወር ሳይሞላ ሌላ የገንዘብ ምንጭ አጸደቀላቸው። ድምፅ የሰጠው ሰው ምን ይበል?

የደጋፊው ፍቅር እውነተኛ ነው፤ አከብረዋለሁ። ክለቦች ያንን ፍቅር መያዣ አድርገው ካዝና ሲያስከፍቱ ግን ዝም አልልም። ያለ ሕዝብ ገንዘብ አይሆንም ለሚሉን መልሱ ይኸው፦ በዚያችው ከተማ በ2021 የተከፈተው ክላይሜት ፕሌጅ አሬና የ1962ቱን ጣሪያ እንደያዘ በግል ገንዘብ ነው የታደሰው።